423 ሰዎች፣ 16 ሰዎች፦ የሕብረተሰብ ጤና ጥናቴን በሶሺዮሎጂ እርዳታ የሠራሁበት መንገድ

የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናቴን ስጀምር በእጄ የነበረው አንድ ቁጥር ነበር፤ 423። በአገራችን የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ ያስታውሰዋል። ስለሚጠናው ጉዳይ ቀደም ያለ መረጃ ሳይገኝ ሲቀር ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ይወሰድና በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ሲሰላ የሚጠየቁት ሰዎች ብዛት 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲታከልበት 423 ይሆናል። እኔም በሐረርና በድሬዳዋ የቲቢ ሕክምና የሚከታተሉ 423 ሰዎችን በመጠይቅ አነጋግሬ፣ ሕክምናቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ለማወቅ አቅጄ ነበር።

ጥያቄው ከሥራዬ የመጣ ነው። ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት ስሠራ የቆየሁት በቲቢ ክፍል ነበር። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ብዙ ታካሚዎች ሳሉ ሲቀንስና ክብደታቸው ሲጨምር እንደተሻላቸው ይሰማቸዋል፤ ተህዋሲያኑ ግን ገና ከሰውነታቸው አልጠፉም። በመዝገቡ ላይ ከአንዳንድ ስሞች ፊት ለፊት «ጠፍቷል» ብዬ በገዛ እጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የጠፋው ሰው የት እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ ሰፈሩ ያውቃል፤ እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ልማር ወደ ሐረር የሄድኩት ለዚህ ነው። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የግብርና ኮሌጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ሙሉ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ ከተጨመሩት ዘርፎች አንዱ የጤና ሳይንስ ነው። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ የሚገኘው ሐረር ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ ያለው ግን ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ዋናው ግቢ ነው። ይህ ርቀት መጀመሪያ ላይ የትራንስፖርት ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። በክፍል ውስጥ ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና የጤና ማስተዋወቅ ተማርን። መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ማስተርጎም፣ ትርጉሙን በሌላ ሰው መልሶ ማስገልበጥ፣ ከናሙናው 5 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ አስቀድሞ መሞከር፣ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ሠራሁ።

ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ በጸጥታ ሰምተውኝ ሲያበቁ «መጠይቁን የምታስሞዪው የት ነው?» አሉኝ። «በየጤና ተቋሙ የቲቢ ክፍል፣ ታካሚዎች ለክትትል ሲመጡ» ብዬ መለስኩ። «ያቋረጡት ሰዎች እዚያ ይመጣሉ?»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ስለማቋረጥ ላጠና የተነሣሁት ያላቋረጡትን ሰዎች በመጠየቅ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር፣ ቅጹም የተሟላ ነበር፤ የምፈልገው ሰው ግን እኔ በምቆጥርበት ቦታ አልነበረም። ይህን ስህተት ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎችን ፕሮፖዛል ሳነብ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። የናሙና መጠን ከመሰላቱ በፊት «የማጠናው ሰው በዚህ ሰዓት የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ወራትን ያድናል።

በአማካሪዬ ምክር ወደ ዋናው ግቢ ሄጄ አንዲት የሶሺዮሎጂ መምህርት አነጋገርኩ። ከሐረር በሚኒባስ ተነሥቼ አወዳይን አልፌ ስደርስ መጠይቄን ተቀብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። «ልጄ፣ ጥያቄሽ ሁሉ መልሱን ይዞ ነው የመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። «ለምን አቋረጡ?» ከሚለው ሥር እኔ ያሰብኳቸው አማራጮች ተደርድረው ነበር፤ ርቀት፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የተሻለው መስሎት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው መስመር ደግሞ ለሦስት ቃል እንኳ አይበቃም ነበር። መምህርቷ የዓይነታዊ ጥናት (በቁጥር ሳይሆን በሰዎች ቃልና ታሪክ የሚጠና ጥናት) ዘዴ ትምህርታቸውን ለአንድ ሴሚስተር በታዛቢነት እንድከታተል ፈቀዱልኝ። በሳምንት አንድ ቀን የተመላለስኩበት ያ ሴሚስተር በሁለቱ ዓመት ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥናቱን አሻሽዬ በሁለት ክፍል አዋቀርኩት። የ423ቱ መጠይቅ እንዳለ ቆየ፤ ከጎኑ ግን ሕክምና ካቋረጡ ሰዎች ጋር የሚደረግ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ጨመርኩ። ይህ ለውጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ እንደገና መጠየቅን አስከተለ፤ የድምፅ ቅጂ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ማስረዳት ነበረብኝ። ዓይነታዊውን ክፍል ከመጀመሪያው አስቤበት ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ባልባከነ ነበር።

ሰዎቹን ያገኘናቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቀድመው ፈቃዳቸውን ከጠየቁልን በኋላ ነው። ነጭ ጋዋን አልለበስኩም፤ ራሴ ያከምኳቸውንም ሰዎች አላነጋገርኩም፤ ቀድሞ መድኃኒት ይሰጣቸው ለነበረ ሰው መድኃኒቱን እንደተዉት መናገር ይከብዳቸዋልና። ወንዶቹን የሚያነጋግር አንድ የመረጃ ሰብሳቢ ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። እርሱ ከሰዓት በኋላ በበርጫ (ሰው ተሰብስቦ ጫት በሚቅምበት ጊዜ) ላይ የቡድን ውይይት እናድርግ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በሐረርና በድሬዳዋ ወሬ እንደ በርጫ ሰዓት የሚፈስበት ጊዜ ስለሌለ ሐሳቡ ማረከኝ። መምህርቷ ግን ከለከሉን። በበርጫ ላይ የተነገረ የሕመም ምስጢር በማግስቱ የሰፈር ወሬ እንደሚሆን፣ የታካሚው ምስጢር ደግሞ ከእኛ ዲግሪ እንደሚበልጥ ነገሩን። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋገርን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አቋረጥክ?» መሆኑ ቀረ። «ሕመሙ ከጀመረህ ቀን አንሥተህ አጫውተኝ» በሚል ተተካ። ሌሊት ጫት ሲጭን የሚያድር አንድ ወጣት ታሪኩን በዚህ መንገድ ሲያወጋ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ቲቢ ክፍሉ የሚከፈተው እርሱ በሚተኛበት ሰዓት ነበር፤ ያም ሆኖ ለሳምንታት እንቅልፉን እያቋረጠ ተመላልሷል። ያቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ስለነበር መድኃኒቱን ከፍራሽ ሥር ይደብቅ ነበር፤ አንድ ቀን ሽንቱ ቀልቶ ሲያይ ደም መሰለው፤ መድኃኒቱ ውስጡን እየቆረጠው እንደሆነ አመነ። ማንንም ሳይጠይቅ ተወው።

ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካናማ ቀይ እንደሚለውጥና ይህም ጉዳት እንደሌለው ማንኛውም ነርስ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ወረፋ በበዛበት ጠዋት ለስንት ሰው ሳልነግር እንዳለፍኩ ግን ይህን ወጣት እስክንሰማ ድረስ አስቤው አላውቅም። የድምፅ ቅጂውን ለሁለተኛ ጊዜ ስሰማ አለቀስኩ።

በሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ደግሞ በረመዳን ወር መድኃኒታቸውን አላቆሙም ነበር። ሰዓቱን ራሳቸው ወደ ሱሑር (ከንጋት በፊት ወደሚበላበት ሰዓት) አዙረው ይወስዱ ነበር። «ሲስተር፣ ጾም ላይ ነኝ ብላቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ» ብለው ነገሩኝ። የፈሩት ቁጣ ከቀጠሮ አስቀራቸው፤ ከቀጠሮ መቅረታቸው ደግሞ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት አሳጣቸው። በመዝገቡ ላይ እርሳቸውም «ጠፍተዋል»። በመጠይቁ ቢሆን ኖሮ «የጎንዮሽ ጉዳት» ወይም «ርቀት» ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት አድርጌላቸው እሄድ ነበር።

የትርጉሙ ሥራ ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ሆነብኝ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥና ወደ አማርኛ ለመመለስ ሙሉ ቀን ይወስድብን ነበር። አንድ አዛውንት በአፋን ኦሮሞ የተናገሩትን መረጃ ሰብሳቢዬ መጀመሪያ «መድኃኒቱን አቆምኩ» ብሎ ተረጎመው። ቅጂውን አብረን ደግመን ስንሰማው ያሉት «ሰውነቴን አሳረፍኩት» ነበር። ያቆመ ሰውና ያሳረፈ ሰው አንድ አይደሉም፤ ያሳረፈው የመመለስ ሐሳብ አለው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ቃላትን በተናገሩበት ቋንቋ እንዳሉ አስቀምጠን ትርጉሙን ከጎናቸው መጻፍ ጀመርን።

ከ16 ሰዎች በኋላ አዲስ ነገር መምጣቱ ስለቆመ ቃለ መጠይቁን ዘጋሁ። ጥናቴን ባቀረብኩበት ዕለት ይኸው ቁጥር አከራከረኝ፤ ከ423 ጎን ሲቀመጥ ያንሳል ተባልኩ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ መሆኑን፣ 423ቱ በክትትል ላይ ካሉት መካከል መድኃኒት መዝለል በየትኞቹ ዘንድ እንደሚበዛ ሲያሳዩ፣ 16ቱ ደግሞ ከመዝገብ የወጣ ሰው በምን መንገድ እንደወጣ እንደሚያሳዩ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሁሉም አልተስማሙም። በእኔ አመለካከት ክርክሩ ራሱ ተገቢ ነው፤ የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ተማሪን በጋራ ቢያማክሩ ኖሮ ግን ክርክሩ በመጨረሻው ዕለት ሳይሆን በመጀመሪያው ወር ይነሣ ነበር። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ መካከል ይልክ ነበር።

አሁን ለማመልከት ለምትዘጋጁ የምለው ይህን ያህል ነው። የትምህርት ክፍሉን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የመምህራኑን የጥናት መስክ ጠይቁ፣ ያለፉ ተመራቂዎችን ሥራ በቤተ መጻሕፍት ገልጣችሁ እዩ፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ አማካሪ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለድምፅ መቅጃ፣ ለትርጉምና ለግልባጭ የሚወጣውን ገንዘብ በበጀታችሁ ላይ አስፍሩ፤ እኔ ስላላሰፈርኩት ከደመወዜ ከፍዬዋለሁ።

ውጤቱን ጥናቱ ለተካሄደባቸው የቲቢ ክፍሎች ባለሙያዎች አንድ ከሰዓት በኋላ አቀረብኩላቸው። ሠንጠረዦቹን በትዕግሥት አዩ፤ የወጣቱንና የእናቲቱን ታሪክ ስናገር ግን ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። ወደ ሥራዬ ተመልሼ አሁን አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ በመጀመሪያው ቀን፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት ሽንቱ እንደሚቀላ እነግረዋለሁ፤ ቀጥዬም ሌሊት ይሠራ እንደሆነና ጾም ሲገባ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት መውሰድ እንደሚመቸው እጠይቀዋለሁ።