ፈረሰኞቹን ማን ጠየቃቸው?

እሑድ ማታ

የወንድሜ ትልቋ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አስተያየት የማትሰጥበት ነገር የለም። ዛሬ ምሳ ላይ ያነሣችው ግን እኔንም ለብቻዬ ሲከነክነኝ የከረመ ጉዳይ ነበር። «የድሮዎቹ የዲዝኒ ፊልሞች ይሻላሉ፤ የአሁኖቹ ክፉ ሰው የላቸውም» አለች። አባቷ ወዲያው ተቃወማት። ልጆቹ ዓለምን ጥሩና መጥፎ ብለው ለሁለት ከፍለው እንዲያድጉበት አይፈልግም። ሰው ሌላውን የሚጎዳው ራሱ ስለተጎዳ ነው፣ ይህን ከካርቱን ቢማሩ ምን ይከፋል ባይ ነው። እናቴ እየዞረች ወጥ ትጨምራለች። የማንን ወገን እንደምይዝ ሳልወስን ቡናው ቀረበ፤ ክርክሩም በዚያው ተበተነ። እኔ ግን አልበተንኩትም፤ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም። ሙዚቃዊ የካርቱን ፊልም የሚወዱ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ ይህ ቅሬታ ይነሣል። ኡርሱላን፣ ስካርን፣ ጃፋርን የመሳሰሉትን የድሮ ክፉዎች የሚተካ ጠፋ ይላሉ። አሁን የሚሠራው ሁሉ ቤተሰቡ ተኳርፎ፣ አያትየዋ ይቅርታ ጠይቃ፣ ተቃቅፈው ተላቅሰው የሚያልቅ ሆነ ይላሉ። ሌላው ወገን ደግሞ እንኳን ጠፉ፣ ሕይወት እንዲያ አይደለችም ይላል።

እኔ እነዚያን የድሮ ፊልሞች ያየሁት አዲስ አበባ፣ ከቪዲዮ ቤት በተከራየናቸው ካሴቶች ነው። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም ነበር። ሆኖም በ1989 በወጣው «ሊትል መርሜድ» ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የባሕሯ ጠንቋይ ኡርሱላ ለልጅቷ ምን እያለቻት እንደሆነ ማንም አላስተረጎመልኝም፤ አላስፈለገኝምም። መርካቶ ቀሚስ የምታሻሽጥ ሴት «ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይሸጥም» እንደምትለው ነበር። መስታወት ፊት ቆማ ከንፈሯን ትቀባለች፣ ወገቧን ታወዛውዛለች፣ ለተቸገሩ የምታዝን ደግ ሴት መሆኗን ታወራለች። ከዚያ ወርቃማ ውል ከፊቷ ዘርግታ የዓሣ አጥንት ብዕር ታቀብላታለች። ዋጋው የልጅቷ ድምፅ ነው። ፈራኋት፤ ግን ካሴቱን እየመለስኩ ደጋግሜ ያየሁት የእርሷን ቦታ ነው። የልዑሉን መልክ ዛሬ አላስታውስም።

የዚያን ዘፈን ግጥም የጻፈው ሃዋርድ አሽማን ነው፤ ዜማው የአለን መንከን። ሁለቱም ወደ ዲዝኒ የመጡት ከኒውዮርክ የሙዚቃ ቲያትር ነው፤ ከዚያም አንድ ወግ ይዘው መጡ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ገና ከመነሻው የምትመኘውን ቆማ ትዘፍናለች፤ ታሪኩም ያንን ምኞት እየተከተለ ይሄዳል። ክፉውም የራሱ ዘፈን አለው። እርሱም ይመኛል፤ ልዩነቱ አለማፈሩ ነው። በ«ላየን ኪንግ» ስካር የሚባለው አንበሳ ዙፋን እንደሚፈልግ በጅቦቹ ፊት ይዘፍናል። በ1996 በወጣው የኖትር ዳም ፊልም ዳኛው ፍሮሎ የሚነድ ምድጃ ፊት ቆሞ ኤስሜራልዳን መመኘቱን ለእመቤታችን ይናዘዛል፤ እየተናዘዘም ጥፋቱን በሴቲቱ ላይ ያላክካል። ኃጢአቱን አምኖ ጥፋተኛ ግን ሌላ ሰው የሚያደርግ ባለሥልጣን ከዚያ ወዲህ በእውነተኛው ዓለም ብዙ አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት ግን እዚያ፣ ለልጆች በተሠራ ፊልም ላይ ነው።

ወንድሜ ተሳስቷል ለማለት ግን አልደፍርም። እነዚያ ክፉዎች እንዴት ይናገሩ እንደነበር እርሱ ከእኔ በላይ ያስታውሳል፤ በአነጋገሩ ምክንያት ስልክ የተዘጋበት ሰው ነውና። በ1992ቱ «አላዲን» ጀግናውና ልዕልቲቱ እንደ አሜሪካ ጎረምሶች ያወራሉ፤ ሻጩና ወታደሩ ግን የባዕድ ቅላጼ አላቸው። የመክፈቻው ዘፈን ስለ ጆሮ መቁረጥ የሚናገር ስንኝ ነበረው፤ የአረብ አሜሪካውያን ማኅበር ተቃውሞ በማሰማቱ ለ1993ቱ የቪዲዮ ቅጂ ተቀየረ። በ«ላየን ኪንግ» ከለምለሙ ግዛት ተገፍተው ጨለማ ውስጥ የሚኖሩት ጅቦች ድምፅ ደግሞ የማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ የሁለቱ ዋና ዋና ጅቦች ድምፅ የዉፒ ጎልድበርግና የቺች ማሪን ነው፤ አንዷ ጥቁር፣ አንዱ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው። ይህን ያየ ወላጅ «ክፉው ሁልጊዜ እኛን ለምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። (በነገራችን ላይ በእኛ ተረት ጅብ ሆዳምና ተላላ ነው እንጂ ሴረኛ አይደለም። ሐረር ላይማ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል።)

ጅብ ካነሣሁ አይቀር፣ ቀጥሎ የመጣው ክፉ ያ «በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለ» ጅብ ነው። በ2013 የወጣውን «ፍሮዝን» ማለቴ ነው። ፊልሙ መሠራት ሲጀምር ክፉዋ የበረዶ ኃይል ያላት ንግሥት ኤልሳ እንድትሆን ታስባ ነበር። ክሪስተን አንደርሰን ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ ያንን የታወቀውን የነጻነት ዘፈን ጽፈው ሲያመጡ ግን እንዲህ የምትዘፍን ሴት ክፉ ልትሆን አትችልም ተባለና ታሪኩ እንደገና ተጻፈ። ቦታው ባዶ አልቀረም፤ ልዑል ሃንስ ገባበት። አሥራ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ያሉት፣ በአገሩ ዙፋን የማይደርሰው፣ ማንም በማያውቀው አገር ቁርበት ተነጥፎለት የተቀመጠ ሰው ነው።

ዘዴው ተመልካቹ እስከ መጨረሻው እንዳያውቅበት ነው። እንዳያውቅበት ደግሞ መዝፈን የለበትም። እርሱ የሚዘፍነው ከኤልሳ እህት ከአና ጋር ሆኖ ስለ ፍቅር ብቻ ነው። እውነቱ ሲወጣ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ሻማውን ያጠፋል፣ ምድጃው ላይ ውኃ ያፈስሳል፤ እቅዱን በተራ ንግግር ያስረዳና በሩን ቆልፎ ይወጣል። ትዕይንቱ ጥሩ ነው፤ እህቴ ልጅ ሳትሆን በሃምሳ ዓመቷ ጮኻበታለች። ግን የፍሮሎ እሳት እየዘፈነ ነበር የሚነደው፤ የሃንስን እሳት ራሱ አጠፋው። ዘዴው ስለተሳካ ተደጋገመ፤ «ዙቶፒያ» ላይም «ኮኮ» ላይም መጣ። ክፉውን መጠርጠር የልጆቹ ጨዋታ ሆነ፤ ምን እንደሚፈልግ ለመስማት ግን ጊዜ አልቀረም።

ከዚያ ክፉው ጭራሹን ተነነ። በ2016ቱ «ሞአና» ያ የእሳት ጭራቅ ልቧ የተሰረቀባት አምላክ ሆና ተገኘች። ያን ፊልም እወደዋለሁ፤ ልጅቷ ባሕሩን ከፍላ ወደ ጭራቋ ስትራመድ ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። ደግሞም የእኛዎቹን ልጆች የሚያስቃቸው ማን እንደሆነ ታዝቤያለሁ፤ ታማቶዋ፣ ጀርባው በወርቅ ያበደው ሸርጣን። አንድ ዘፈን ዘፍኖ በጀርባው ተገልብጦ ይቀራል። ለታሪኩ ብዙም አያስፈልግም፤ ለፊልሙ ግን ያስፈልጋል።

ወደ «ኤንካንቶ» ልምጣ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና። በ2021 የወጣ፣ ታሪኩ ኮሎምቢያ ውስጥ የሆነ ፊልም ነው። ብዙ ሰው ክፉ የሌለበት ፊልም ብሎ የሚጠቅሰው እርሱን ነው። አያትየዋ አልማ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን በተአምር ስጦታቸው ትመዝናቸዋለች፤ ስጦታ ያልተሰጣት ሚራቤል መጨረሻ ላይ ትጋፈጣታለች፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ይታረቃሉ።

እናቴ ይህን ፊልም ከልጆቹ ጋር ያየችው በገና ሰሞን ነው። እኔ አጠገቧ ሆኜ በጆሮዋ እየተረጎምኩ። እናቴ በሕይወቷ ከአንድ ጊዜ በላይ ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ናት። ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አልማ ወጣት ሳለች የደረሰባትን ያሳያል። መንደሩ ይቃጠላል፣ ሰው በሌሊት ይሰደዳል፣ ሦስት መንትዮቿን አቅፋ ከባሏ ከፔድሮ ጋር ወንዝ ትሻገራለች። ከኋላ ፈረሰኞች ይደርሳሉ። ፔድሮ ሊለምናቸው እጁን ዘርግቶ ወደ እነርሱ ይመለሳል፤ ይገድሉታል። ከጀርባው የሚሰማው ዘፈን ስፓኒሽ ነው፤ ስለ ሁለት አባጨጓሬዎች።

«እነዚህ ፈረሰኞች እነማን ናቸው?» አለችኝ።

«ፊልሙ አይናገርም፣ እማዬ።»

«ስም የላቸውም?»

«የላቸውም። ፊታቸውም አይታይም።»

ትንሽ ቆየችና፣ «ባሏን የገደሏት እነሱ፣ ልጆቹ የሚጣሉት ከእሷ ጋር?» አለች።

ታናሿ፣ «እማማ፣ ዘፈኑ አለፈን እኮ» ብላ አጉረመረመች። እናቴ ዝም አለች፤ ግን ሲተቃቀፉ አላለቀሰችም። እኔ፣ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ሁላችንም ስንነፋረቅ እርሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አሮጊቷ ምን አደረገች?» አለች፤ በዚያው ተነሣች።

ክፉ የለበትም የሚባለው ፊልም ክፉ አለበት። በፈረስ መጥቶ፣ ገድሎ፣ አቃጥሎ ሄዷል። የተረፈው ሒሳብ በሙሉ በተረፈችው ሴት ላይ ወደቀ። ፈርታ ቤቷን አጥብቃ መያዟ ጥፋት ሆነ፣ ይቅርታ የምትጠይቀውም እርሷው ሆነች። ይቅርታው ትክክል ነው፤ ሚራቤልን በድላታለች። ግን ቁስል እንዴት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንደሚወርድ ይህን ያህል በጥንቃቄ የሚያሳይ ፊልም፣ ቁስሉን ማን እንዳቆሰለው ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አላገኘም። ወንድሜ «ሰው ተጎድቶ ነው የሚጎዳው» ሲል ይህ ትዝ ይለኛል። አነጋገሩ ሁልጊዜ የሚሠራው ቅርብ ለሆነ ሰው ነው፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት። ለፈረሰኛው ማን ይሠራዋል?

ሕዝቡ ደግሞ ምን እንዳደረገ እዩ። ከዚያ ፊልም ለኦስካር የታጨው የአባጨጓሬዎቹ ዘፈን ነው። ዓለምን ያጥለቀለቀው ግን ከቤተሰቡ ስለጠፋው አጎት ስለ ብሩኖ የሚዘፈነው ነው፤ በ2022 በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ከዲዝኒ ካርቱን የወጣ ዘፈን እዚያ የደረሰው ከ1993 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። እና ምን ዓይነት ዘፈን ነው? ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ አይጥ ስለሚከተለው፣ መዓት ስለሚተነብይ፣ በጨለማ ዓይኑ አረንጓዴ ስለሚያበራ አንድ ሰው እየተንሾካሾከ የሚያማበት ነው። ከዳር እስከ ዳር የክፉ ሰው ዘፈን ነው። ክፉው ራሱ አልዘፈነም እንጂ። ብሩኖ ሲገኝ ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀ፣ ከዘመዶቹ ማዕድ እንዳይለይ ቀዳዳ አጠገብ ሳህን ሥሎ የሚቀመጥ ምስኪን ነው። ተመልካቹ የራበውን ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ወሰደ።

ዲዝኒ በ2023 ቅሬታውን የሰማ መሰለ። መቶኛ ዓመቱን ያከበረበት «ዊሽ» ንጉሥ ማግኒፊኮ የሚባል ክፉ ይዞ መጣ፤ ዘፈንም ተሰጠው። ፊልሙ ከሰረ። ትልቋ ልጃችን ምክንያቱን ከሐያሲ አሳጥራ ነገረችኝ፤ «ያማርራል እንጂ አይፈልግም» አለች። እውነቷን ነው። ንጉሡ የሚዘፍነው ሕዝቡ ውለታ ቢስ ሆነብኝ ብሎ ነው። ኋላም የከለከለውን መጽሐፍ ገልጦ በአስማቱ ይበከላል፤ ጥፋቱ ከመጽሐፉ ይሁን ከሰውየው ግራ ያጋባል። በእርሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

ክፉውን ያመጣው ሌላ ቤት ነው። በ2025 በኔትፍሊክስ የወጣው «ኬፖፕ ዲመን ሃንተርስ» ላይ አጋንንቱ መልከ መልካም የወንዶች የሙዚቃ ቡድን ሆነው ይመጣሉ። መጨረሻ አካባቢ በጥቁር ባርኔጣና በጥቁር ካባ ወጥተው ጣዖታችሁ እኛ ነን፣ ነፍሳችሁን ስጡን ብለው በግልጽ ይዘፍናሉ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየጮኸ ይሰጣቸዋል። ኡርሱላ ተመልሳ የመጣች መሰለኝ። ከእነርሱ መካከል ጂኑ የሚባለው እናቱንና እኅቱን በድህነት ጥሎ ቤተ መንግሥት የገባ ነው። ፊልሙ ያዝንለታል፤ ቁስሉን ያሳያል፤ ያደረገውን ግን አያድበሰብስበትም። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው። ታናሿ የወንድሜ ልጅ ዘፈኑን በቃሏ ታውቀዋለች።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ለወንድሜ መልእክት ላክሁለት፤ «ፈረሰኞቹ አንድ ዘፈን ይገባቸው ነበር» ብዬ። ለምን እንደመጡ፣ ምን እንደፈለጉ፣ ያን መሬት ለማን እንዳሉት ከራሳቸው አፍ እንድንሰማ።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ቢዘፍኑማ ልጆቼ ያንኑ ይዘው ቤቱን ሲዞሩበት ይውሉ ነበር» ይላል።

«አሁንስ የማንን ዘፈን ይዘው ነው የሚዞሩት?» አልኩት። አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።