በ20 ሜትሯ ካሜራ ላይ የደረሰው

የምሠራው ዋና በሚሠለጠንበት ቦታ ነው፤ እኔ ግን የወረቀት ሰው ነኝ፣ ገንዳ ውስጥ አልገባም። አንድ ጊዜ የተበላሸ ፕሪንተር ስላስነሳሁ «ቴክኖሎጂ ያውቃል» የሚል ስም ወጥቶልኛል። በዚህ ሰበብ አሠልጣኞቹ ሠልጣኞችን ውሃ ውስጥ የሚቀርጹባትን ትንሽ ካሜራ የመምረጡ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንዷ 5 ሜትር ትጠልቃለች፣ ሌላዋ 10፣ ሦስተኛዋ 20። ያለ ብዙ ማሰብ ባለ 20ዋን መረጥኩ። የገንዳችን ጥልቁ ቦታ 2 ሜትር ነው።

ዋናው አሠልጣኝ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ሳጥኑን አገላብጠው አዩና «ዕንቁ ልናወጣ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለውም በእርጥብ እጅ ትሠራ እንደሆነ ጠየቁ። «ጋሼ ደግሞ!» ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነበር። ስክሪኑ የጣትን ንክኪ በኤሌክትሪክ የሚለይ ዓይነት ስለሆነ የውሃ ጠብታውንም ጣት ይመስለዋል። መቅረጫው ደግሞ ያለው እዚያው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። አሠልጣኞቹ በየመሀሉ በፎጣ ሲወለውሏት ሰነበቱ።

በሦስተኛው ሳምንት ባትሪው ትምህርት መሀል አለቀ። ረዳት አሠልጣኟ ገንዳው ዳር ቁጭ ብላ የካሜራዋን የባትሪ በር ከፈተች፣ ባትሪ ቀየረች፣ ዘጋች። በሩ «ቀጭ» ብሏል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ለበሰ፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ታየ፣ ከዚያ ጨለመ። 20 ሜትር ትችላለች የተባለችው ካሜራ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሞተች።

ከፍቼ ሳይ በሩ ዙሪያ ባለው ላስቲክ ላይ አንዲት ዘለላ ፀጉር ተጋድማለች። ላስቲኩ ውሃ የሚከለክለው ከጠርዙ ጋር ገጥሞ ሲጨመቅ ነው፤ ፀጉር፣ አሸዋ ወይም የፎጣ ክር ሥር ከገባበት ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ሪፖርት ጻፍኩ። «በረዳት አሠልጣኟ የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ሐረግ ነበረበት። ጋሼ አነበቡትና «መመሪያው የት አለ?» አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ላስቲኩን ሳታዩ አትዝጉ፣ በእርጥብ እጅ አትክፈቱ፣ ክሎሪን ወይም ጨው ከነካት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ ይላል። አንብቤዋለሁ፤ ለማንም ግን አልነገርኩም። ሐረጉን ሰርዤ የራሴን ስም አስገባሁ። እጄ እሺ እስኪል ትንሽ ጊዜ ወስዷል።

ሁለተኛዋን ስመርጥ ከበሩ ጀመርኩ። አንድ በር ብቻ ያላትን፣ መዝጊያዋ ሁለት ጊዜ የሚቆለፈውን፣ መቅረጫዋ በአውራ ጣት የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ የሆነውን ፈለግኩ። ባትሪዋ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መቆየት ነበረበት፤ ውሃ ዳር የማይከፈት በር ፀጉር አይገባበትም። ጥልቀት ላይ ብዙም አልተጨነቅኩም፣ ግን አይፒኤክስ7 የሚለውን የውሃ መቋቋም ደረጃ አለፍኩት። እሱ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው፤ ያውም የሚፈተነው በረጋ ንጹሕ ውሃ እንጂ ይዟት በሚዘል ልጅ እጅ አይደለም። አይፒኤክስ8 ከዚያ ያልፋል፣ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚናገረው ግን አምራቹ ስለሆነ እሱን ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

4ኬ የሚባለውን በጣም ጥርት ያለ ምስልም ተውኩት። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ዝቅ ባለው የ1080 ጥራት እና በ28 ሜጋቢት ግን 32 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል፤ የእጅ አጣጣልን ለማየት ከበቂ በላይ ነው። ሌንሷ ሰፋ ያለ መሆኑን ግን አጥብቄ ጠየቅኩ፤ ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ገዝፎ ስለሚታይ ልጁ ከፍሬሙ ይወጣል። ድምፁ ታፍኖ ነው የሚቀረጸው፤ ጋሼ ቪዲዮው ላይ ራሳቸው ስለሚያወሩበት ማንም አላጉረመረመም። የምትሰጥም ስለሆነች ቢጫ ተንሳፋፊ ማንጠልጠያ አሰርንላት።

አሁን በሩ የሚከፈተው ማታ፣ ደረቅ ጠረጴዛዬ ላይ ብቻ ነው። ያቺ ፀጉር በፕላስተር ተለጥፋ ከሪፖርቱ ጋር ፋይል ውስጥ አለች። የማን እንደሆነች እስካሁን አልታወቀም፤ ጋሼ ራሰ በራ ስለሆኑ ከተጠርጣሪነት ነፃ ናቸው።