ዝምተኛው ሰውዬ

ድሬ ዛሬም ነዳለች። ቤት ውስጥ አይቻልም፣ የጎረቤቴን የ12ኛ ክፍል ልጅ ከዚራ ዛፍ ሥር ነው ያስጠናሁት። ስለ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ ነገርኩት። በፈረንጆቹ 1928 ወረቀትና እርሳስ ይዞ የኤሌክትሮንን እኩልታ ጻፈ። እኩልታው ያልተጠራ እንግዳ ይዞ መጣ፦ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ኤሌክትሮን። በ1932 አንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ በፎቶ አገኘው። በ1933 ዲራክ ኖቤል ወሰደ፣ ገና በ31 ዓመቱ።

«አቦ፣ ቁጭ ብሎ በማሰብ ደሞዝ ይበላል?» አለኝ።

ሰውዬው ደግሞ ዝምተኛ ነበር። ካምብሪጅ ያሉ ጓደኞቹ «አንድ ዲራክ ማለት በሰዓት አንድ ቃል ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። (ድሬ ቢወለድ በርጫ ላይ ማን ያስጠጋው ነበር?)

ልጁ ሻይ የነካው ደብተሩ ላይ ኤሌክትሮኗን አያት። የመቀነስ ምልክቷ ላይ አንዲት መስመር ጨምሮ መደመር አደረጋት።

«ይኸው፣ እኔም አገኘሁ!»