56 ዲግሪ ላይ የምንገድለው ነገር

ተማሪ ሆኜ ለልምምድ ላብራቶሪ ስገባ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ማሞቅ ነበር። ለቂጥኝ ምርመራ፣ ያው ቪዲአርኤል ለምንለው። ቱቦዎቹን ዋተር ባዝ ውስጥ ትከታለህ፣ ቴርሞሜትሩ 56 ዲግሪ ላይ መቆሙን ታያለህ፣ 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ። ለምን እንደምናሞቀው ስጠይቅ "ኮምፕሊመንቱን ለመግደል ነው" ተባልኩ። በቃ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ለፈተናም ሸመደድኩት። የምገድለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ለዓመታት በቅጡ አልገባኝም ነበር።

የሚገርመው ነገሩ የተገኘውም በዚሁ በማሞቅ ነው። ዡል ቦርዴ የሚባል ወጣት ቤልጂየማዊ ሐኪም በ1890ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። የኮሌራ ባክቴሪያ ከተከተበ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ባክቴሪያውን ይገድላል። ሴረሙን 55 ዲግሪ አካባቢ ሲያሞቀው መግደሉን አቆመ። ከዚያ ካልተከተበ እንስሳ የተወሰደ፣ ብቻውን ምንም የማይሠራ፣ ያልሞቀ ሴረም ጠብ አደረገበት። እንደገና መግደል ጀመረ። ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ሙቀት የሚችለው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሁለተኛው ሲሞቅ የሚበላሸውና በማንም ደም ውስጥ ያለው። ጀርመናዊው ፖል ኧርሊኽ ለሁለተኛው ኮምፕሊመንት የሚል ስም ሰጠው፣ "ማሟያ" እንደማለት። ቦርዴ የ1919ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት አገኘ። በነገራችን ላይ በ1906 በርሊን ውስጥ ለቂጥኝ የተሠራው የቫሰርማን ምርመራ የቆመው በዚሁ በኮምፕሊመንት ላይ ነው። ዛሬ ውጤት እንዳያበላሽብን የምናጠፋው ነገር ያኔ የምርመራው ዋና መሣሪያ ነበር!

ስሙ ግን አይመጥነውም ባይ ነኝ። ማሟያ ሲባል ረዳት ይመስላል፣ እሱ ግን ፀረ እንግዳ አካል ሳይጠብቅም ሥራ ይጀምራል። ከ30 የሚበልጡ ፕሮቲኖች ናቸው፣ አብዛኛውን የሚያመርተው ጉበታችን ነው፣ ደም ውስጥ አድፍጠው ይዞራሉ። በብዛት ያለው ሲ3 የሚባለው ነው። ይሄ ሲ3 ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ጠላት ኖረም አልኖረም ትንሽ ትንሽ እየነቃ አጠገቡ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈው የራሳችን ሴል ላይ ከሆነ ሴሉ ፍሬን አለው፣ ወዲያው ያከሽፈዋል። አብዛኛው ባክቴሪያ ግን ፍሬን የለውም፣ ስለዚህ አንዱ ሲ3 ሌላውን እያስነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩን ያለብሱታል። ነጭ የደም ሴል እንዲህ የተለበጠውን አይስተውም፣ ይዞ ይውጠዋል። በዚህ ላይ ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ተገጣጥመው የአንዳንዱን ባክቴሪያ ሽፋን ይበሱታል። ውሃ ይገባበታል፣ ይፈነዳል።

ሲጎድልስ? ከሲ5 እስከ ሲ9 ካሉት አንዱ ሲወለድ ጀምሮ የሌለው ሰው ብዙውን በሽታ ይቋቋማል። አንዱ ጉድ ያደርገዋል፦ ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ። ሊደጋግመው ይችላል። እኛ የምንኖረው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ላይ ስለሆነ ይሄን አጥብቄ እላለሁ፤ ልጅ በዚህ ባክቴሪያ ሁለተኛ ጊዜ ከታመመ "እንደ እድል ሆኖበት ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም፣ ኮምፕሊመንቱ መታየት አለበት።

ፍሬኑ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ፒኤንኤች በሚባለው ብርቅ በሽታ መቅኒ ውስጥ የአንድ እናት ሴል ዘረመል ይለወጥና ከሷ የሚወለዱት ቀይ የደም ሴሎች ፍሬን አልባ ይሆናሉ። የገዛ ኮምፕሊመንታቸው ያፈነዳቸዋል። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ሽንቱ ኮካ ኮላ መስሎ ሊያገኘው ይችላል። በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤኩሊዙማብ ሲ5ን በመያዝ ይሄን ያስቆማል። ግን ሲ5 ተያዘ ማለት በሩ ለሜኒንጎኮከስ ተከፈተ ማለት ነው፣ አደጋው ከሌላው ሰው ከ1000 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከተቻለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ክትባት ይሰጣል።

ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ፣ አለባት። የውጤት ወረቀቱን በመስኮቱ አሳዩኝ፣ ሲ3 እና ሲ4 ላይ ወደ ታች የምታሳይ ቀስት አለች። "ዝቅ ብሏል፣ ጥሩ ነው አይደል?" አሉኝ። ስኳርም ግፊትም ሲወርድ ደስ ይለናልና አይፈረድባቸውም። አይደለም እናቴ፣ አልኳቸው። ሉፐስ ሲነሳ ፀረ እንግዳ አካሉ ከራሷ የሰውነት ቁርጥራጭ ጋር ተያይዞ ኩላሊት ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ ኮምፕሊመንቱ እዚያ ይነሳል፣ ሲዋጋ ደግሞ ያልቃል። ጉበት የቱንም ያህል ቢያመርት አይደርስለትም። ቁጥሩ የወረደው እየተበላ ስለሆነ ነው፣ ሐኪሟ ከሽንት ምርመራው ጋር አንድ ላይ ሊያየው ይገባል። (ኮምፕሊመንት የሞቱ ሴሎችን ቅሪትም ያጸዳል። ሲ1ኪው የሚባለው የኮምፕሊመንት ፕሮቲን ሳይኖራቸው የሚወለዱት አብዛኞቹ ሉፐስ የሚይዛቸው ለዚህ ነው ይባላል። ይሄን ግን ለእሳቸው አላነሳሁትም።)

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ትንሽ ራመድ ብለው ተመለሱ።

"ታዲያ ልጄ፣ ከፍ ሲል ነው ተመስገን የምለው?"

"አዎ እናቴ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ።"