መብራት ሲመለስ ቦርዱ ምን ያደርጋል?

ጅማ፣ ክረምት

ስልክ ነክቶ አምፖል ማብራት ከባድ ነገር አይደለም፤ የስማርት ሆም (የቤት ዕቃን በስልክ የመቆጣጠር) ማሳያ እስከዚያ ድረስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። በጅማ ክረምት የሚፈትነው ሌላ ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ማንም ሳይነካው መሣሪያው ሥራውን ይቀጥላል ወይ? አብዛኛው የኢንተርኔት መማሪያ ይህን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ እዚህ ጽፌ ላስቀምጠው።

ዕቃው ጥቂት ነው። አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ባለ ሁለት ቻናል 5 ቮልት ሪሌ (በቦርዱ ትእዛዝ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ዲኤችቲ22 የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ የብርሃን ሴንሰር፣ ጥቂት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ ጀምፐር ሽቦ፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር። ለማሳያ ጠረጴዛ 220 ቮልት አላስገባም። ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ ያንኑ ያሳያል፤ የሚነካካ ልጅም አይጎዳም።

ቦርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ብዙ አለ። ቀጥሎ የሲፒ2102 ወይም የሲኤች340 ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከቦርዱ የዩኤስቢ ቺፕ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም። ኮድ ሲጫን ነጥብ በነጥብ እየደረደረ ከቆመ ደግሞ ቡት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው።

ፒን (ሽቦ የሚታሰርበት የቦርዱ እግር) አመራረጥ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። 12 ቁጥር ፒን ቦርዱ ሲነሳ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ከተገኘ የፍላሽ ሜሞሪው ቮልቴጅ በስህተት ወደ 1.8 ይወርድና ቦርዱ ሳይነሳ ይቀራል። 0፣ 2 እና 15ም በአነሳሱ ላይ እጃቸው አለበት። ለሪሌ 26 እና 27፣ ለዲኤችቲ22 4 ይበቃሉ። የብርሃን ሴንሰሩ 34 ላይ ይሁን፤ ኤዲሲ2 በሚባለው የቦርዱ ቮልቴጅ ለኪ ላይ ያሉት ሌሎች ፒኖች ዋይፋይ ሲበራ አናሎግ ማንበብ ያቆማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ገበያ ላይ የሚገኙት ሰማያዊ ሪሌዎች ብዙዎቹ ፒኑ ዜሮ ሲሆን ነው የሚበሩት። ኮዱ ፒኑን አውትፑት (ምልክት አውጪ) ባለበት ቅጽበት ሪሌው ቀጭ ይላል፤ መብራት በመጣ ቁጥር አምፖሉ ብልጭ ይላል ማለት ነው። እኔ የምመርጠው በላዩ ባለች ጀምፐር ወደ ሃይ (ፒኑ ቮልቴጅ ሲያገኝ ወደሚበራበት) የሚቀየረውን ሪሌ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱን ፒን በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ መሳብ። ያኔ ቦርዱ እስኪነቃ ድረስ ሪሌው ዝም ይላል።

የሪሌ ኮይል (በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) እያንዳንዱ ወደ 70 ሚሊአምፔር ይጠጣል፤ ዋይፋዩም ሲልክ በቅጽበት ብዙ ይስባል። ሪሌውን ከ3.3 ቮልት ፒን የሚያበላ ሰው ብራውንአውት (ቮልቴጅ ወረደ) የሚል መልእክትና ማለቂያ የሌለው ሪስታርት ያተርፋል። ከ5 ቮልቱ ይውሰድ፤ ለቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም ከጎኑ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ራውተሩ ነው። ቦርዱ በሰከንዶች ይነሳል፣ ራውተሩ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። የተለመደው ኮድ «ዋይፋይ እስኪገናኝ ጠብቅ» ብሎ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል፤ የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ አይሰማም። መፍትሔው ሳይቆሙ በየ10 ሰከንዱ መሞከርና ማብሪያውን፣ 33 ላይ የታሰረውን፣ ከኔትወርኩ ነጻ ማድረግ ነው። ራውተሩ 2.4 ጊጋኸርዝ ማሰራጨቱንም ማየት ነው፤ ኢኤስፒ32 5 ጊጋኸርዝ አይሰማም።

መልእክት ማመላለሻው ኤምኪውቲቲ የሚባል የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ፣ ብሮከሩ (መልእክት ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም) ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ሞስኪቶ ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ይሠራል። ሞስኪቶ ከ2.0 ወዲህ በቅንብር ፋይሉ «ሊስነር 1883» (በዚህ ቁጥር በር አዳምጥ) ተብሎ ካልተነገረው ከራሱ ኮምፒውተር ውጪ ማንንም አያስገባም፤ የይለፍ ቃል ማዘጋጀትም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁለቴ አሰምርበታለሁ፦ «ሪቴይን» የሚደረገው፣ ማለትም ብሮከሩ ይዞ አዲስ ለሚገናኝ የሚሰጠው፣ የሁኔታ መልእክት («በርቷል»፣ «ጠፍቷል») ብቻ ነው። ትእዛዙ ከተደረገ ቦርዱ ዳግም በተገናኘ ቁጥር የትናንቱ «አብራ» ይደርሰውና እኩለ ሌሊት ላይ ሳሎኑ ቦግ ይላል። ሁለት ቦርዶች አንድ ዓይነት የክላይንት መለያ (ብሮከሩ የሚለያቸው ስም) ከያዙም አንዱ ሌላውን እያስወጣ ያድራሉ።

ሰዓቱ ደስ የሚል ነገር አለው። የእኛ ቀጠና ከዓለም አቀፉ ሰዓት +3 ነው፤ የሀበሻ ሰዓት ደግሞ በ6 ወደ ኋላ ስለሚቆጠር ከእሱ 6 ሲቀነስ −3 ይሆናል። ስለዚህ ሰዓትን ከኢንተርኔት ለሚያመጣው ኤንቲፒ 10800 ሳይሆን −10800 ሰከንድ ሰጥቶ በ12 ሰዓት አጻጻፍ ማሳየት፤ ስክሪኑ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ራሱ 12 ይላል። ቀኑ ግን ንጋት ላይ ነው የሚለወጠው፣ መዝገብ የሚይዘው ሰዓት በዚህ አይነካ። ኢንተርኔት ከሌለ ኤንቲፒ የለም፤ ባትሪ ያለው ዲኤስ3231 የሰዓት ቺፕ ያስፈልጋል።

ዲኤችቲ22ን ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ ንባቡን ያበላሻል። ከቦርዱም ራቅ ይበል፣ የቦርዱ ሙቀት ይደርስበታል። ለተመልካች እፍ ማለት ይበቃል፣ እርጥበቱ ወዲያው ይወጣል። የጀበና እንፋሎት ላይ መያዝ ግን አላደርገውም፤ ውሃ ካዘለ በኋላ ለመመለስ ብዙ ይቆያል።

ፍተሻው ሦስት ነው፤ የቦርዱን ሶኬት መንቀል፣ የራውተሩን ብቻ መንቀል፣ ከዚያ ላፕቶፑን መክደን። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ፤ ላፕቶፑ ሲተኛ ብሮከሩም አብሮ ይተኛል።