የክለባችንን ባለቤት ለመቃወም ተሰብስበን እርስ በርሳችን ልንለያይ ነበር

ነገሩ የጀመረው በደሞዝ ነው። ሁለት ወር በተከታታይ የእግር ኳስ ክለባችን ተጫዋቾችም ሠራተኞችም ደሞዝ ዘገየ። ቲኬት የምትቆርጥልን ልጅ ለቤት ኪራይ ከእህቷ እንደተበደረች ነገረችን። ብዙም ሳይቆይ ስታዲየሙ ከክለቡ ተነጥሎ ወደ ባለቤቱ ሌላ ድርጅት ስም መዞሩን ሰማን። ይሄኔ ሰው ሁሉ ጦፈ።

የክለቡን ስም አልጠራም፣ የባለቤቱንም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ያለ፣ በታችኛው ሊግ የሚጫወት የአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ ነው። እኔ እዚህ ከተማ አውቶብስ እነዳለሁ። ከመጣሁ 12 ዓመት ሆነኝ። እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ማንቸስተር ዩናይትድን እየደገፍኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ስመጣ ግን የዩናይትድ ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድ በየሳምንቱ መግባት ከኪሴ በላይ ሆነ። ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላው እጁን ይዤ የሰፈራችን ክለብ ጋ ወሰድኩት። በሦስተኛው ጨዋታ ከኋላችን የሚቀመጡት ሰዎች ስሙን አውቀውት ነበር። በሰው አገር ስምህን የሚጠራህ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የተሰደደ ያውቀዋል። ክለቡ አደጋ ላይ ነው ሲባል ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተካሄደው ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ነው። ስልሳ ሰው ያህል ነበርን። ግማሹ “ማንም ስታዲየም አይግባ፤ አንዲት ፓውንድ እንዳያገኝ” አለ። ወጣቶቹ “ሜዳ ገብተን ጨዋታውን እናቋርጠው” አሉ። ሌላው “ክለቡን የሚጎዳ ነገር ውስጥ እኔ የለሁበትም” ብሎ ተነሳ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ መደማመጥ ቀረ።

ከዚያ ምሽት የማይጠፋኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸው 78 ነው። እኔ በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሁለት ወንበር የዓመት ቲኬት ይገዛሉ። ብርድ ሲሆን የሚስታቸውን የእግር ብርድ ልብስ አጥፈው ባዶው ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። እኔና ልጄ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብለን ስለምንቀመጥ በየጊዜው እናየዋለን። ያን ምሽት ቀስ ብለው ተነሡና “እኔ ቤቴ መቅረት አልችልም” አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጮኸባቸው። የጮኸውን ቃል ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል ከባንዳ ሌላ አላገኝለትም። ሽማግሌው ኮታቸውን ለበሱና ደረጃውን ወረዱ። የተከተላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልተከተልኳቸውም። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባቴ ጨርቆስ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ልጅ ሆኜ እሁድ እሁድ መዝገቡን ተሸክሜ አብሬው እሄዳለሁ። እድር ላይ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል፣ ድምፁም እኩል ነው። ጠብ ሲነሳ አባቴ መዝገቡን ይዘጋና “እድር የሚፈርሰው ገንዘብ ሲያንስ ሳይሆን ሰው ሲኮራረፍ ነው” ይላል። የተጣሉት እስኪታረቁ መዝገቡ አይከፈትም። እኛ ያን ምሽት ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ባለቤቱ ምንም ሳይለፋ ለሁለት ተከፈልን።

በማግስቱ ለደጋፊዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ደወልኩና የሚቀጥለውን ስብሰባ እኔ ልምራው አልኳት። በእንግሊዝኛ ስብሰባ መርቼ አላውቅም ነበር። እሺ አለችኝ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለመንኳት። በእኛ ወግ ሰው ሲቀየም ሽማግሌ ይላካል። እሷን ይዤ የጋሼ ቤት ሄድን። በሩን ሲከፍቱ ይቅርታ ለመጠየቅ መምጣታችንን ነገርናቸው። ሻይ አፍልተው የሚስታቸውን ፎቶ አሳዩን። ስንወጣ “እመጣለሁ” አሉ።

ቀጥሎ ሒሳቡን አነበብኩ። እንግሊዝ አገር የኩባንያዎች ዓመታዊ ሒሳብ ካምፓኒስ ሃውስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ በነፃ ይገኛል። አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ስለሆነ ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ሄድኩበት። ያገኘሁት ነገር ሐሳቤን ቀየረው። ክለባችን በየዓመቱ ይከስራል፤ ጉድለቱን ባለቤቱ ይሸፍናል። የሚሸፍነው ግን በስጦታ ሳይሆን በብድር ነው። እኛ ስታዲየም መግባት ብናቆም የጎደለው የበር ገቢ ዞሮ የክለቡ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። አበዳሪው ደግሞ ራሱ ባለቤቱ። ነገሩ ከፍቶ ክለቡ በኪሳራ አስተዳደር ስር ቢወድቅ በሊጉ ደንብ 12 ነጥብ ይቀነስበታል። ከእንግዲህ አድማ ማለት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ጅራፉ የማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ሳያዩ ማንሳት ግን አይገባም።

የሌሎችንም ታሪክ ይዤ ሄድኩ፤ ሰው “እነ እገሌ እንዲህ አድርገው ተሳካላቸው” እያለ ስለሚከራከር። ብላክፑል ብዙ ይጠቀስ ነበር። የብላክፑል ደጋፊዎች የክለባቸው ባለቤት የሆነውን የኦይስተንን ቤተሰብ በመቃወም ለዓመታት ስታዲየም አልገቡም፤ መፈክራቸው “ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም የለም” የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ሲመለሱ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ገባ። የዚያን ቀኑን ምስል ሳይ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ግን በሩን የከፈተው አድማው ብቻ አልነበረም። አንድ የክለቡ ባለድርሻ ባለቤቶቹን ፍርድ ቤት ገትሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 31 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈርዶለት ነበር። ክለቡን ከእጃቸው ያወጣው የዚያ ፍርድ አፈጻጸም ነው። እኛ እንዲህ ያለ ባለድርሻ አልነበረንም።

ወጣቶቹ ደግሞ ሬዲንግን ያነሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2024 የሬዲንግ ደጋፊዎች ባለቤታቸውን ለመቃወም ሜዳ ገብተው ከፖርት ቬል ጋር የነበረው ጨዋታ ተቋረጠ። አገሩ ሁሉ ሰማ። ክለቡ የተሸጠው ግን ከ16 ወር በኋላ ነው። የእኔ ምርጥ ምሳሌ ሊቨርፑል ነው፤ በዩናይትድ ደጋፊ አፍ ሲነገር ይክበዳችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ክለቡ የአንዱን ቲኬት ዋጋ 77 ፓውንድ ሊያደርስ ነው ሲባል፣ ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ 77ኛው ደቂቃ ላይ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ቡድኑ 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ 2 ለ 2 አለቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ተዉት። ጥያቄው አንድ ነበር፣ ግልጽ ነበር፣ ባለቤቶቹም “እሺ” ሊሉት የሚችሉት ነበር። “ይውጣልን” ብቻ ስትል ግን ሰውየው ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልሰጠኸውም።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ “ምን እናድርግ?” ብዬ አልጠየቅኩም። “አንተ ማድረግ የማትችለው ምንድን ነው? አንቺስ?” አልኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ስልኬ ላይ ቆጥሬ። መጀመሪያ የራሴን ተናገርኩ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሜዳ ውስጥ መግባት በሕግ ወንጀል ነው፤ ከስታዲየም ለዓመታት ሊያሳግድ ይችላል። የእኔ የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ ያኔ ገና ውሳኔ እየጠበቀ ነበር። ማመልከቻው ሲታይ የወንጀል መዝገብ ይታያል። “እናንተ ሜዳ ብትገቡ ቅጣት ትከፍላላችሁ። እኔ ብገባ ግን የልጄ ሕይወት ይናጋል” አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእኔ ቀጥላ አንዲት ነርስ ስለ ሥራ ፈቃዷ ተናገረች። አንድ መምህር ተናገረ። በሩ ላይ በሰዓት ሂሳብ የምትሠራ ልጅ ሰው ካልገባ ሥራ እንደማትጠራ ተናገረች። ጋሼ ስለ ብርድ ልብሱ ተናገሩ። ያ ጎረምሳ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ተራው ሲደርስ “እኔ ደግሞ ገብቼ ለዚያ ሰው ገንዘብ መስጠት አልችልም፤ አባቴ ከዚህ ክለብ ተባሮ ሦስት ወር ደሞዙን አላገኘም” አለ። ለካ ቁጣው ከዚያ ነበር። ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መስማማት ሁለት ሰዓትም አልፈጀ። ሜዳ ማንም አይገባም። ስታዲየም መግባትና አለመግባት የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ነው፤ በዚህ የተነሳ ሌላውን የሚሰድብ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ በሁሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። ይህቺን ከእድር ነው ያመጣኋት። የሚገባውም የማይገባውም ግን እስከ 15ኛው ደቂቃ ውጭ አብሮ ይቆማል። ከዚያ የሚገባው ይገባል፤ ውስጥ ግን ምግብም፣ መጠጥም፣ ማልያም አይገዛም። ጥያቄያችንም ሁለት ብቻ ሆነ። ደሞዝ በቀኑ ይከፈል። ስታዲየሙ ወደ ክለቡ ስም ይመለስ።

ውጭ ለሚቆመው ሰው ሻይ ማቅረቡን እኔ ወሰድኩ። ባለቤቴ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ አፍልታ ትሰጠኛለች። ሰው የፈለገውን ሳጥን ውስጥ ይጥላል። የባነሩን ጨርቅ የገዛነው በዚያ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ወንበሮቹ ባዶ ሆነው የዳኛው ፊሽካ ውጭ ድረስ ሲሰማ አንዳንዱ ሰው አለቀሰ።

ስሕተትም ሠርተናል። ለሰላማዊ ሰልፍ ጉዞ ለፖሊስ ከስድስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እኛ በሦስት ቀን ልንወጣ ስንል አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ አስቆመን። አንድ ባነር ላይ ደግሞ የባለቤቱ ሴት ልጅ ስም ተጽፎ መጣ። አውርዱት አልኩ፤ ተጨቃጨቅን፤ ወረደ። ልጅ ምን አደረገች? ለስፖንሰሮች የጻፍነው የመጀመሪያ ደብዳቤም ማስፈራሪያ ይመስል ስለነበር መልስ አላገኘም። ሁለተኛውን በትሕትና ጻፍነው። “እናንተም የዚህ ከተማ ሰዎች ናችሁ፤ የሠራተኞቹ ደሞዝ ጉዳይ ያሳስበናል” አልን። ሁለት ስፖንሰሮች እንገናኝ ብለው ደወሉ።

ከሁሉ በላይ የረዳን ግን ማንም ያልዘፈነለት የወረቀት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ ነዋሪዎች አንድን ቦታ “የማኅበረሰብ ሀብት” ተብሎ እንዲመዘገብ ማዘጋጃ ቤቱን እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ኦልድ ትራፎርድና የሊቨርፑል ስታዲየም አንፊልድ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል። ቦታው ከተመዘገበ ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግ ነዋሪው ገንዘብ ለማሰባሰብ እስከ ስድስት ወር ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ለእኛ እንዲሸጥልን አያስገድደውም። ግን በጓሮ በር ቶሎ ሸጦ መሄድ አይችልም። ቅጹን ከሊቀመንበሯ ጋር ማታ ማታ ሞላነው። ጋሼ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያጠራቀሙትን ፎቶ ይዘው መጡ። የትምህርት ቤት ልጆች ውድድር፣ የጦርነት መታሰቢያ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያው ሜዳ ላይ። ማዘጋጃ ቤቱ ተቀበለን።

ባለቤቱ እስካሁን አልሄደም። ስታዲየሙም ገና አልተመለሰም። ደሞዝ ግን ላለፉት ሰባት ወራት በቀኑ ተከፍሏል፤ ከእኛ ተወካዮች ጋርም በሦስት ወር አንዴ ለመቀመጥ ተስማምቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አዲሱ የእግር ኳስ ሕግ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አካል አቋቁሟል። የክለብ ባለቤቶችን ብቃት መመርመር አንዱ ሥራው ነው። ሰነዶቻችንን በቅደም ተከተል አስቀምጠናል።

ያ ጎረምሳ ዛሬም አይገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከእኔ ቀድሞ መጥቶ ጠረጴዛውን ይዘረጋል። 15ኛው ደቂቃ ሲደርስ የጋሼን ሻይ ይቀዳና ብርድ ልብሱን ብብታቸው ስር ያደርግላቸዋል። እሳቸው ደረጃውን ይወጣሉ። ከላይኛው ደረጃ ጫፍ ላይ መንገዱ የሚታይባት ጠባብ መስኮት አለች። ጎል ሲገባ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው እዚያች መስኮት ድረስ ይመጣሉ። እኛ ካገባን ስካርፋቸውን ያውለበልባሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ መጡ። ጎረምሳው ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዘለለ።