ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሰማሁት

ዛሬ ጠዋት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ ባለ ባጃጁ «ቤንዚን ልቅዳ» ብሎ ሰልፍ ያዘ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ክዳኑ የጠፋ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ አፉን በፌስታል ወትፈውታል። ሬዲዮው ስለ ጦርነትና ስለ ነዳጅ ዋጋ ያወራል።

«አባባ፣ እነዚህ እውነት ለሕዝቡ ነፃነት ብለው ነው የሚዋጉት?» አላቸው ባለ ባጃጁ።

«ልጄ፣ ጣልያንም ባርነት ላስቀር፣ ላሠልጥናችሁ ብሎ ነው የገባ» አሉት።

ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢራን ነዳጇን የመንግሥት አደረገች። በ1953 የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሞሳዴቅን አስገለበጡ፤ ሰበቡ ግን የኮሚኒዝም ስጋት ነበር። በ2003 ኢራቅ የተወረረችው ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተብሎ ነው። መሣሪያው አልተገኘም። የባግዳድ ሙዚየም ሲዘረፍ የአሜሪካ ወታደሮች የነዳጅ ሚኒስቴሩን ይጠብቁ ነበር። ሁሉም ነገር ነዳጅ ነው አልልም፤ የኢራቁ መሪ ሳዳም ኩርዶችን በመርዝ ጋዝ የፈጀ ጨካኝ ነበር። ግን ሙዚየሙን ትተው ያን ሚኒስቴር ለምን?

የእኛ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ጣልያን ነዳጁን እየገዛ በአውሮፕላን መርዝ አዘነበብን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የሽማግሌው ተራ ሲደርስ ፌስታሉን ነቅለው በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።